ገጪና ተገጪ፦ ከኋላ የተገጨ መኪና ካሣ የሚያገኝባቸው መንገዶች

«ከኋላ ነው የገጨኸኝ፤ ጥፋቱ ያንተ ነው!» ከጊዮርጊስ ወደ አትክልት ተራ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁለት መኪኖች ሲነካኩ መጀመሪያ የሚሰማው ይህ ነው። የፊተኛው ሹፌር ወርዶ የተሰበረ መብራቱንና የገባ ፓራውልቱን እያየ ይቆጣል፤ የኋላኛው «ድንገት ቆመህብኝ ነው» ይላል፤ ከኋላ የተደረደሩት ክላክስ ያስጮኻሉ። ከቆመው ሰው አብዛኛው ለተገጪው ይፈርዳል።

ይህ የመንገድ ፍርድ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ ሕጉ የሚነሳው ግን ከሌላ ቦታ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋፅኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ የጉዳቱን ድምርም ለሁለቱ ባለንብረቶች እኩል ያካፍላል። ግምቱ የሚፈርሰው አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሹፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ ከኋላ የተገጨ ሰው «እኔ ትክክል ነኝ» ማለቱ ብቻ አይበቃውም፤ ማስረዳት አለበት።

ተገጪው አራት መንገዶች አሉት፦ እዚያው መንገድ ላይ መስማማት፣ የገጪውን የሦስተኛ ወገን መድን መጠየቅ፣ የራሱን ሙሉ ኢንሹራንስ መጠየቅ እና ፍርድ ቤት መሄድ። አንዱ ፈጥኖ ትንሽ ይሰጣል፤ ሌላው ዘግይቶ ብዙ ይሰጣል። የትኛው ለየትኛው ጉዳት እንደሚበጅ መለየት የዚህ ዳሰሳ ሥራ ነው።

ሰፈሩ ለምን ለግጭት ይመቻል?

አትክልት ተራ ለረጅም ዘመን የአዲስ አበባ የአትክልትና ፍራፍሬ ጅምላ ገበያ ነበር። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጎመን የጫኑ አይሱዙዎች ሌሊት ገብተው እስኪነጋ ያራግፉ ነበር፤ ተሸካሚና ጋሪ ገፊ በመካከላቸው ይሹለከለክ ነበር፤ ሚኒባሶችም በዚያው ጠባብ መንገድ ሰው ይጭኑ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ከዚያም ወደ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። ስሙ ግን የሰፈርና የታክሲ ስም ሆኖ ቀረ። በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቆ የኮሪደር ልማቱ ሲቀጥል የፒያሳ መልክ ተለወጠ፤ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፣ መንገዶችም ሰፉ።

ለውጡ የግጭቱን ዓይነት እንጂ ግጭቱን አላስቀረም። ድሮ መኪኖች የሚነካኩት በጥበትና በጭነት ማራገፍ ምክንያት ነበር። በሰፋ መንገድ ላይ ደግሞ ፍጥነት ይጨምራል፤ ፊት ያለው ሚኒባስ ተሳፋሪ አይቶ ወይም ለእግረኛ ብሎ ሲቆም ከኋላው የሚመጣው ፍሬን ለመያዝ ርቀት ያጣል። አራዳ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ነው። በዳገት ላይ የቆመ መኪና ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከኋላው የቆመውን ሊነካ ይችላል፤ የሚታየው ጉዳት ግን ከኋላ ከተገጨ መኪና ጉዳት ጋር አንድ ነው። የፊተኛው የኋላ ፓራውልት ገብቷል፤ የኋለኛው የፊት ኮፈን ታጥፏል። ማን ማንን እንደነካ ላሜራው አይናገርም።

ግማሽ በግማሽ ሲባል

የ2084ን ውጤት በቁጥር ማየት ይረዳል። የፊተኛው መኪና ጉዳት 80,000 ብር፣ የኋለኛው 20,000 ብር ነው እንበል። ድምሩ 100,000 ነው። ጥፋተኛው ካልተለየ እያንዳንዱ ባለንብረት 50,000 ብር ይሸከማል፤ ስለዚህ የፊተኛው ከኋለኛው የሚያገኘው 30,000 ብር ብቻ ነው። የኋለኛው ጥፋት ከተረጋገጠ ግን የፊተኛው 80,000ውን ሙሉ ያገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው የ50,000 ብር ልዩነት የማስረጃ ዋጋ ነው።

ማስረጃውን ወደ ጥፋት የሚያሻግረው ድልድይ ቁጥር 2035 ነው። በዚህ ድንጋጌ መሠረት በሕግ ወይም በደንብ በግልጽ የተደነገገን ነገር የጣሰ ሰው ጥፋት ሠርቷል። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ ደግሞ ሹፌር ከፊቱ ካለው መኪና በቂ ርቀት ጠብቆ እንዲነዳ ያዛል። እንግዲህ የኋለኛው ርቀት ሳይጠብቅ መንዳቱ ከታየ ደንብ ጥሷል፤ ደንብ መጣሱ ጥፋት ነው፤ ጥፋቱ የአደጋው ዋና ምክንያት ከሆነ የእኩሌታው ግምት ይቀራል። የትራፊክ ፖሊሶች «ርቀትን ጠብቆ ባለማሽከርከር» ብለው በሪፖርት የሚጽፉት ሐረግ ለተገጪው ትልቅ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው።

ከኋላ የገጨ ሁሉ ግን አይፈረድበትም። የፊተኛው ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ወይም ማርሽ አስገብቶ ወደ ኋላ ከሄደ ጥፋቱ የእሱ ነው። የፍሬን መብራቱ የማይሠራ፣ በጨለማ ያለ ምልክት መንገድ ዘግቶ የቆመ፣ ወይም ፍሬቻ ሳያሳይ ከጎን ገብቶ ወዲያው የቆመ መኪና ቢያንስ ተካፋይ ይሆናል። ሦስት መኪኖች ሲገፋፉ ደግሞ የመሐለኛው ተገጪም ገጪም ነው። በሦስተኛው ተገፍቶ ከሆነ የፊተኛውን የነካው ኃላፊነቱ ወደ ሦስተኛው ይሻገራል፤ አስቀድሞ ራሱ ነክቶ ከሆነ ግን ለፊተኛው እሱ ይጠየቃል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፊተኛው ሹፌር አንድ ምት ወይም ሁለት ምት መስማቱ ወሳኝ ምስክርነት ነው።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት

የተጎዳ ሰው ካለ ከመኪናው በፊት ሰው ይቀድማል። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ፖሊስ 991 ነው። የጎዳውን ሰው ሳይረዳ ጥሎ የሄደ ሹፌር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 575 በተለይ ይጠየቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው «ፕላን ማስነሳት» ነው። የትራፊክ ፖሊሱ ቦታውን ለክቶ መኪኖቹ የቆሙበትን፣ የፍሬን ምልክቱንና የተሰባበረው መስታወት የወደቀበትን በንድፍ ያሰፍራል። መኪናው ከተነሳ በኋላ የሚሠራ ፕላን በአብዛኛው የሹፌሮቹ ቃል ግልባጭ ነው፤ ስለዚህ ጉዳቱ ከበድ ካለ ፖሊስ ሳይመጣ መኪና ማንቀሳቀስ ራስን መጉዳት ነው። ጉዳቱ ቀላል ሆኖ መንገዱ ከተዘጋ ግን ፖሊስም ሌላውም «አንሱ» ማለቱ አይቀርም። ያኔ ከማንሳት በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል፦ ሁለቱ መኪኖች እንደተነካኩ ከአራቱም ጎን፣ የሁለቱም ታርጋ፣ የመንገዱ ተዳፋት፣ የጎማዎቹ አቅጣጫ። የፍሬን መብራቱ የሚሠራ መሆኑን በቪዲዮ መቅረጽም የኋለኛው በኋላ የሚያመጣውን ክርክር አስቀድሞ ይዘጋል።

ከገጪው የሚፈለገው የመንጃ ፈቃዱ ብቻ አይደለም። ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ፣ የሦስተኛ ወገን መድኑ የየትኛው ድርጅት እንደሆነና መቼ እንደሚያበቃ መመዝገብ ያስፈልጋል። የሦስተኛ ወገን ምልክቱ በፊት መስታወት ላይ መለጠፍ ስላለበት ፎቶውን ማንሳት ቀላል ነው። ምስክር የሚሆን ሰውም ስልክ ቁጥሩ የሚወሰደው እዚያው ነው። የሱቅ ደጅ የደህንነት ካሜራ ካለ ምስሉ በሌላ ሳይተካ ባለሱቁን መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ላሠራልህ»፦ የመንገድ ላይ ስምምነት

በከተማችን የቀላል ግጭት አብዛኛው የሚያልቀው በዚህ ነው። ገጪው «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ላሠራልህ» ይላል፤ ጋራዥ አብረው ይሄዳሉ ወይም ገንዘብ ይቀባበላሉ። የተሰነጠቀ ፓራውልትና የተጫረ ቀለም ከሆነ ይህ መንገድ ከሁሉ ይሻላል። የመድን ወረፋ የለውም፤ የሥራ ቀን አያቃጥልም።

የሚጎዳው ሦስት ነገር ሲረሳ ነው። አንደኛ፣ ከላይ የሚታየው ጉዳት ከውስጥ ካለው ሊያንስ ይችላል። የኋላ ምት ሻንሲ ሊያጣምም፣ የኋላ ኮፈን እንዳይዘጋ ሊያደርግ፣ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ የባትሪውን ማቀፊያ ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ከጋራዥ ፕሮፎርማ በፊት ዋጋ መቁረጥ አይገባም። ሁለተኛ፣ ስምምነት በጽሑፍ ካልሆነ ነገ «እኔ አልገጨሁም» ሲባል የሚያዝ ነገር የለም። ሦስተኛ፣ በጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ጽሑፉ ጉልበት አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 3307 ጀምሮ የተደነገገው የዕርቅ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ የሌለው የመጨረሻ ፍርድ ያህል ይጸናል። «ካሣዬን ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» ብሎ የፈረመ ሰው ከሳምንት በኋላ አንገቱን ሲያመው ተመልሶ ለመጠየቅ ይቸገራል።

ስለዚህ በጥንቃቄ የሚጻፍ ስምምነት የሚመለከተውን ለይቶ ይናገራል፦ የኋላ ፓራውልትና የቀኝ መብራት ጉዳት ብቻ፣ በዚህ ብር፣ በዚህ ቀን፣ በሁለት ምስክር ፊት፤ የአካል ጉዳትና የተደበቀ ጉዳት ግን ያልተካተተ። ሙሉ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ደግሞ ከመፈረሙ በፊት ለመድን ድርጅቱ መደወል አለበት። ድርጅቱ ከፍሎ ወደ ገጪው የሚመለስበትን መብት ደንበኛው በፊርማው ካጠፋበት ለራሱም ካሣ ላይከፍለው ይችላል።

ሦስተኛ ወገን፦ ሁሉም ያለው፣ ሁሉንም የማይሸፍን

ዘመናዊ መድን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአራዳ በኩል ነው ማለት ይቻላል። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲንያ ባንክ ለውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በአገሪቱ የነበሩት 13 የመድን ኩባንያዎች ተወረሱ፤ በቦታቸውም የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተተካ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የግል ኩባንያዎች ተፈቀዱ። ባለ መኪና ሁሉ ለሌላው ሰው ጉዳት መድን እንዲገባ የተገደደው ግን በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ነው፤ ያ አዋጅ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተክቷል። መድን በአራዳ ከተሸጠ ከመቶ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የሦስተኛ ወገን መድን የሚከፍለው ገጪው ለጎዳው ሰው ነው እንጂ ለገጪው ለራሱ መኪና አይደለም። ተገጪው የፖሊስ ሪፖርቱን፣ የጋራዥ ፕሮፎርማውን፣ የሊብሬና የመንጃ ፈቃድ ግልባጩን ይዞ ወደ ገጪው መድን ድርጅት ይሄዳል፤ ድርጅቱ ገማች ልኮ ጉዳቱን አይቶ ይከፍላል። ገጪው ራሱ ለድርጅቱ አደጋውን ማሳወቁ ነገሩን ያፋጥነዋል፤ «መድን አለኝ» ብሎ ከጠፋ ያጓትተዋል።

ችግሩ ጣሪያው ላይ ነው። የ2005ቱ አዋጅ ሲወጣ የንብረት ጉዳት ጣሪያ 100,000 ብር፣ የአካል ጉዳት ጣሪያ 40,000 ብር፣ የሞት ካሣ ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ የአስቸኳይ ሕክምና ወጪ እስከ 2,000 ብር ነበር። መጠኑ የሚከለስ ስለሆነ በዕለቱ የሚሠራበትን ከመድን ድርጅቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ጣሪያ ጣሪያ ነው። 100,000 ብር በ2005 ዓ.ም. የአንድ መኪና የኋላ ክፍል ሙሉ ጥገና ይችል ነበር፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ግን የአንዳንድ መኪና የኋላ መብራትና ኮፈን ብቻ ይበላዋል።

ከጣሪያው በላይ የሆነው ጉዳት አይጠፋም፤ ወደ ባለንብረቱ ይሻገራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመድን ድርጅቱ ከፍተኛውን ከፍሎ ሲጨርስ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ቀሪውን ከገጪው ባለንብረት በፍትሐ ብሔር ሕጉ የመጠየቅ መብቱ ግን እንዳለ ነው።

ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ሰው ከጎዳ ደግሞ የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት አለ። ይህ ፈንድ የሚመለከተው ሞትንና የአካል ጉዳትን ነው። መኪናው ብቻ የተጎዳበት ሰው ከዚያ የሚያገኘው የለም፤ ታርጋውን አለመያዙ ለእሱ ሙሉ ኪሳራ ነው።

የራስ ሙሉ ኢንሹራንስ

ሙሉ ኢንሹራንስ ያለው ተገጪ ገጪውን ማሳደድ አይጠበቅበትም። ከራሱ ድርጅት ካሣውን ይወስዳል፤ ድርጅቱ ደግሞ በ1952ቱ የንግድ ሕግ ቁጥር 683 መሠረት በእሱ እግር ተተክቶ ገጪውን ይጠይቃል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም የመድን ውልን የሚመለከተው የ1952ቱ ክፍል አሁንም ይሠራል።

ሁለት ቀነ ገደቦች መረሳት የለባቸውም። በቁጥር 670 መሠረት ደንበኛው አደጋውን ባወቀ በአምስት ቀን ውስጥ ለድርጅቱ ማሳወቅ አለበት። ከመድን ውል የሚነሳ ክስ ደግሞ በቁጥር 674 መሠረት በሁለት ዓመት ይታገዳል። «ገጪው ላሠራልህ ብሎኝ ስጠብቅ ቆየሁ» የሚለው ምክንያት አምስቱን ቀን አያራዝምም፤ ማሳወቅ ግን ካሣ መጠየቅ ማለት ስላልሆነ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስኬድ ይቻላል።

የሚያስከፋው የሂሳቡ ዝርዝር ነው። ደንበኛው ከእያንዳንዱ አደጋ በራሱ የሚሸፍነው ድርሻ አለ፤ ሰዎች «ኤክሰስ» የሚሉት ነው። ጥፋቱ የሌላ ሰው ቢሆንም ይህ ድርሻ ይቆረጣል፤ ተገጪው ግን ከገጪው ሊያስመልሰው ይችላል። ከዚህ የከፋው ዝቅ አድርጎ መመዝገብ ነው። ሁለት ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በአንድ ሚሊዮን ብር መድን ከተገባለት የ200,000 ብር ጉዳት ሲደርስ ድርጅቱ ግማሹን፣ 100,000 ብር ብቻ ሊከፍል ይችላል። የመኪና ዋጋ በየዓመቱ በሚጨምርበት አገር ውልን ባለፈው ዓመት ዋጋ ማደስ ይህን መዘዝ ያመጣል። ከዚህ በተጨማሪ ብዙ ውሎች መኪናው ጋራዥ ቆሞ የሚቀረውን የዕለት ገቢ አይሸፍኑም። ለሚኒባስ ባለቤት ይህ ከላሜራው ጥገና ሊበልጥ ይችላል፤ እሱን የሚጠይቀው ገጪውን ነው።

ድርጅቱ ያለ በቂ ምክንያት ካጓተተ ወይም ከከለከለ ቅሬታ የሚቀርበው በመጀመሪያ ለራሱ ለድርጅቱ የበላይ፣ ቀጥሎ መድን ሰጪዎችን ለሚቆጣጠረው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። የውሉ ክርክር ግን በመጨረሻ የፍርድ ቤት ወይም በውሉ ከተጻፈ የግልግል ዳኞች ነው።

ፍርድ ቤት፦ ማንን መክሰስ?

ተገጪው መጀመሪያ የሚያስበው ሹፌሩን ነው። ሹፌሩ ግን ብዙ ጊዜ ደመወዝተኛ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የመኪና ባለንብረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መኪናውን የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ። ነጻ የሚወጣው መኪናው በዚያ ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ስለዚህ ሊብሬውን ማየት የሹፌሩን ስም ከማወቅ ይበልጣል። በውክልና የተሸጠ፣ ስሙ ያልዞረ መኪና ባለቤት የሆነ ሰውም እዚህ ላይ መንቃት አለበት። ከዓመታት በፊት ሸጬዋለሁ የሚለው መኪና አትክልት ተራ ላይ ሲገጭ መጥሪያው ወደ እሱ ሊመጣ ይችላል።

ክሱ አደጋው በደረሰበት ቦታ ላለው ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። በአዲስ አበባ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሆነው የፍትሐ ብሔር ክርክር በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይታያል፤ ለአካባቢው አራዳ ምድብ ችሎት አለ። የተከሰሰው ባለንብረት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 43 መድን ድርጅቱ ወደ ክርክሩ እንዲገባ ማመልከት ይችላል። ይህ ለከሳሹም ይጠቅመዋል፤ ከሚከፍል ወገን ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ያው የ2013ቱ አዋጅ በፍርድ ቤት በኩል የሚደረግ የማስማማት ሥርዓትም አስገብቷል፤ የጥገና ሂሳብ ብቻ ላከራከራቸው ወገኖች ከረጅም ቀጠሮ ይሻላል።

የክሱ ቀነ ገደብ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 ሁለት ዓመት ነው፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ ግን ረጅሙ ይሠራል። ካሣው በቁጥር 2091 ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ የጥገና ወጪ፣ የቀረ ገቢ፣ የሕክምና ወጪ ሁሉ ይገባል። የዳኝነት ክፍያና የጠበቃ ወጪም በኪሳራ ከተሸናፊው ሊመለስ ይችላል። ተገጪው ራሱ ጥፋት ካለበት ካሣው በዚያው ልክ ይቀንሳል። መንገድ ላይ «ካሣ የሚገባኝ ይመስለኛል» ከማለት ይልቅ በደረሰኝ ማስረዳት እዚህ ያስፈልጋል፤ የሚኒባሱን የቀን ገቢ በቃል ብቻ የሚናገር ባለቤት ዳኛውን ለማሳመን ይቸገራል።

አንገትና ወገብ

ከኋላ የተመታ ሰው አንገት ወደ ኋላ ተወርውሮ ወደ ፊት ይመለሳል። ሕመሙ በዚያው ሰዓት ላይሰማ፣ በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ መመዝገብ ለጤናም ለማስረጃም ነው። በከተማው የጳውሎስ ሆስፒታል ክፍል የሆነው አቤት ሆስፒታል የድንገተኛ አደጋ ጉዳት ማዕከል ነው። የጉዳቱ መጠን በሕክምና ቦርድ ማስረጃ ሲረጋገጥ በመድንም በፍርድ ቤትም ክብደት ያገኛል።

የአካል ጉዳት ሲኖር ጉዳዩ ወደ ወንጀል ይሻገራል። በቸልተኝነት አካል መጉዳት በወንጀል ሕጉ ቁጥር 559 ይቀጣል፤ ተጎጂውም በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 የካሣ ጥያቄውን ከወንጀል ክሱ ጋር እንዲታይለት ማመልከት ይችላል። ሹፌሩ በወንጀል ነጻ ቢወጣ እንኳ የፍትሐ ብሔር ክሱ አይወድቅም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔር ዳኛውን በወንጀል ነጻ መባሉ አያስረውም። ለሕሊና ጉዳት ግን ያው ሕግ በቁጥር 2116 ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። በ1952 ዓ.ም. ያ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ በታክሲ ተመላልሶ ለመክሰስ እንኳ አይበቃም።

በአዲስ አበባ ብቻ በብዛት የሚያጋጥም ጉዳይም አለ፤ የዲፕሎማት ታርጋ። በ1961 እ.ኤ.አ. የወጣው የቪየና ስምምነት ዲፕሎማቱን ከፍትሐ ብሔር ክስም ስለሚጠብቀው ተገጪው ሰውየውን ከመክሰስ ይልቅ የመኪናውን መድን ድርጅት መያዝ አለበት። በዚህ ጊዜ የመድኑ ምልክት ፎቶ ከሊብሬው ይበልጣል።

ሌሎች እንዴት ያደርጉታል?

የእኛ የእኩሌታ ግምት በሌላው ዓለም ካሉት ደንቦች ጋር ሲተያይ መጥፎ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ተገጪው ለአደጋው ትንሽ ጥፋት ካዋጣ ካሣውን በሙሉ ሊያጣ ይችላል፤ ለዚህ ነው እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ከግጭት በኋላ «ይቅርታ» ማለትን እንኳ የሚፈሩት። በእኛ ሕግ ጥፋቱ ካሣውን ይቀንሰዋል እንጂ አይደመስሰውም። እንግሊዝ የሦስተኛ ወገን መድንን ያስገደደችው በ1930 እ.ኤ.አ. ነው። ፈረንሳይ ደግሞ በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ እግረኛና ተሳፋሪ ያለ ረጅም የጥፋት ክርክር ካሣ እንዲያገኙ አድርጋለች።

ከሁሉ የሚያስቀናው ግን ቀላሉ ነገር ነው፤ በፈረንሳይና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ሹፌሮች በመኪናቸው የሚይዙት የጋራ የአደጋ ቅጽ። ቀላል ግጭት ሲደርስ ሁለቱም እዚያው ይሞላሉ፤ ማን ከኋላ እንደነበር፣ ማን ወደ ኋላ እንደሄደ፣ ማን መስመር እንደቀየረ ሳጥን ውስጥ ምልክት ያደርጋሉ፤ ትንሽ ንድፍ ይሥላሉ፤ ይፈርማሉ። ግልባጩ ለሁለቱ መድን ድርጅቶች ይደርሳል፤ መኪኖቹም ከመንገድ ይነሳሉ።

እንግዲህ የትኛው?

የተጫረ ቀለምና የተሰነጠቀ ፓራውልት ከሆነ፣ ሰው ካልተጎዳ፣ ገጪውም ካመነ፣ ፎቶ አንስቶ በጽሑፍ መስማማት ይበቃል። የገባ ላሜራ፣ የማይዘጋ ኮፈን ወይም የሚፈስ ነገር ካለ ፕላን ይነሳ፤ ሙሉ ኢንሹራንስ ካለ በአምስት ቀን ውስጥ ይነገር፤ ከሌለ የገጪው ሦስተኛ ወገን ይጠየቅ። ጉዳቱ ከሦስተኛ ወገን ጣሪያ ካለፈ ወይም ለዕለት ገቢ የሚያገለግል መኪና ከቆመ ቀሪው ከባለንብረቱ በፍርድ ቤት ወይም በማስማማት ይጠየቅ። አካል ከተነካ ሐኪም ሳያይ ማንም ምንም አይፈርም።

በአራቱም መንገዶች ውስጥ ሲታይ የኢትዮጵያ ሕግ መርሁ ደህና፣ ቁጥሩ ያረጀ ነው። ጉዳትን የሚያክል ካሣ ይከፈል የሚለው ድንጋጌ ከስልሳ ዓመት በላይ ጸንቷል፤ በ1952 የተጻፈውን የ1,000 ብርና በ2005 የተጻፈውን የ100,000 ብር ጣሪያ ግን ገበያው ውጧቸዋል። ጣሪያ በብር ተጽፎ ከሚቀመጥ ይልቅ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር የሚስተካከልበት መንገድ በሕጉ ውስጥ መግባት አለበት። የመድን ድርጅቶችና የከተማው ትራፊክ ባለሥልጣናት ደግሞ ለቀላል ግጭት በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች የተዘጋጀ አንድ የጋራ ቅጽ ቢያወጡ ወጪው የወረቀት ነው፤ በስልክ ቢሆንም ያው ነው። ቅጹ ሲኖር የእኩሌታው ግምት እዚያው በሁለት ፊርማ ይፈርሳል፤ የኋለኛው ርቀት አለመጠበቁን ወይም የፊተኛው መንሸራተቱን ማንም ከሁለት ዓመት በኋላ በችሎት ፊት ሊክደው አይችልም።